የውጫሌ ከሰልና የኮምቦልቻ ቦይ፦ ሰልፋይድ በአሲድ ውስጥ እንዴት ይሟሟል?

የድንጋይ ከሰል ሲፈለጥ አንዳንዴ ውስጡ ቢጫ የሚያብለጨልጭ ነገር ይታያል። ወርቅ ይመስላል፤ አይደለም። ስሙ ፓይራይት ነው፤ ብረትና ድኝ ተጣምረው የሠሩት ማዕድን። ከዚህ አንዲት ፍንጣሪ ወስዳችሁ የመኪና ባትሪ አሲድ ውስጥ ብትጨምሯት ምንም አትሆንም። በማግስቱም እንዳለች ናት። ያንኑ ከሰል ግን ደጅ ከምራችሁ ክረምት ከበጋ ተዉት። ፓይራይቱ ይፈረካከሳል። ከክምሩ ሥር የሚወጣው ውሃ ይኮመጥጣል። ውሃው የወረደበት ድንጋይ ብርቱካናማ ይሆናል። ጠንካራው አሲድ ያቃተውን አየርና ዝናብ ሠሩት ማለት ነው።

ይህን አሁን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርብ ዓመታት መንግሥት ለሲሚንቶና ለሌሎች ፋብሪካዎች ከውጭ ይገባ የነበረውን ከሰል በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት ሲሮጥ ከርሟል። ወሎም ከሰል አለው። ውጫሌ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የ1881 ዓ.ም. ውል ነው። የሥነ ምድር ባለሙያ ግን ባዛልት በሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንብርብሮች መካከል የተቀበረውን ከሰልም ያስታውሳል። ስለ ከሰል ሲወራ የሚወራው ደግሞ ስለ ቶኑና ስለሚድነው ዶላር ነው። ስለ ድኙ የሚያነሣ እምብዛም የለም።

አሲድ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ነገር አድርገን ነው። ሰልፋይድ ማዕድናት ላይ ይህ አስተሳሰብ አይሠራም። እነሱ የሚሟሙባቸው ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ መንገዶች አሉ። በአንደኛው አሲድ ይገባል፣ ጋዝ ይወጣል። በሌላኛው አየር ይገባል፣ አሲድ ይወጣል። የትኛው መንገድ ላይ እንዳለን ሳንለይ የምንወስደው ጥንቃቄ ከንቱ ድካም ነው። አንዳንዴም ይባስ ብሎ ጉዳት ያመጣል።

ከቀላሉ እንጀምር። ሰልፋይድ ማለት እንደ ብረት፣ ዚንክ፣ እርሳስ፣ መዳብ ያለ ብረታ ብረት ከድኝ ጋር የተጣመረበት ነው። ተራው የብረት ሰልፋይድ ላይ ቀጭን አሲድ ሲፈስ፣ አሲዱ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን በቀጥታ ድኙን ይይዘዋል። ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ድኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይሆናሉ። ጋዙ አረፋ እየሠራ ይወጣል። ብረቱ ብቻውን ቀርቶ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ጋዙ አምልጦ ስለሚሄድ ነገሩ ወደ ኋላ አይመለስም። አሲዱ ወይም ድንጋዩ እስኪያልቅ ይቀጥላል። ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሽታ አይረሳውም፤ የተበላሸ እንቁላል ነው።

የዚንክ ሰልፋይድም በዚሁ መንገድ ይሟሟል፤ ትንሽ ጠንከር ያለ አሲድ ቢፈልግም። የመዳብ ሰልፋይድ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ቀጥ ይላል። በመማሪያ መጻሕፍት ያለውን የሟሟነት ቁጥራቸውን ብናነጻጽር የመዳቡ ከዚንኩ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ያህል ያንሳል። ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢፈስበት ዝም ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የኬሚስትሪ ተማሪዎች ብረታ ብረትን አንዱን ከአንዱ ሲለዩ የኖሩት በዚህ ልዩነት ነው። አሲዳማ ውሃ ውስጥ ያንን ጋዝ ሲነፉበት መዳቡና እርሳሱ ጠቁረው ይዘቅጣሉ። ዚንኩ እዚያው ሟሙቶ ይቀራል።

የመዳብ ሰልፋይድ ናይትሪክ አሲድ ካገኘ ግን ይሟሟል። ናይትሪክ አሲድ በአሲድነቱ ስለበለጠ አይደለም። ኤሌክትሮን የመንጠቅ ባሕርይ ስላለው ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ፓይራይት ከመዳቡም ይብሳል። እዚያ ውስጥ ድኞቹ ነጠላ አይደሉም፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተያይዘዋል። በቀላሉ የሚገኙት ኤሌክትሮኖች ደግሞ የብረቱ ናቸው፤ ማዕድኑን አንድ ላይ በያዘው ማሰሪያ ውስጥ ድርሻ የላቸውም። ስለዚህ ሃይድሮጅን መጥቶ ቢያንኳኳ የሚፈታለት ነገር አያገኝም። የባትሪ አሲዱ ያቃተው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን መንገድ በሥራ ላይ ለማየት ማዕድን ማውጫ መሄድ አያስፈልግም። ኮምቦልቻ ይበቃል። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆርቆሮ፣ የቢራና የቆዳ ፋብሪካዎች ያሉባት ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ተጨምሯል። ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች በከተማዋ አልፈው ቦርከናን ይቀላቀላሉ። የቆዳ ሥራን በተለይ እንየው። ጥሬ ቆዳ ፀጉሩ የሚለቀው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው። ከዚያ የሚወጣው ውሃ እጅግ አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ ፒኤቹ 12 ግድም ይደርሳል (ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ቁጥሩ ከዚያ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይበረታል)። ቀጥሎ ቆዳው በክሮም ሲለፋ ደግሞ አሲድ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ፒኤቹ 3 ገደማ ነው። ሁለቱ ፍሳሾች ለየብቻ ሲሄዱ ማከም ይቻላል። አንድ ቦይ ውስጥ ሳይታከሙ ከተገናኙ ግን ያው የላብራቶሪው ነገር ይፈጠራል። አሲዱ ሰልፋይዱን ያገኛል፣ ጋዙ ይወጣል። እዚህ ማንንም ፋብሪካ መክሰሴ አይደለም። የቆዳ ሥራ በየትም ዓለም ይህ ጣጣ አለበት።

ጋዙ ቀልድ አያውቅም። ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ጉድጓድና ታንከር ውስጥ ይተኛል። አፍንጫችን ከሚሊዮን አንድ እጅ ሳይሞላ ያሸተዋል፤ ይህ ጥሩ ነገር ይመስላል። መቶ እጅ ሲደርስ ግን የማሽተት ችሎታችን ራሱ ይደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብሎ የተረጋጋ ሠራተኛ በእውነቱ የባሰው ቦታ ላይ ነው። አምስት መቶ እጅን ካለፈ በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ያስታል፣ ይገድላልም። በየአገሩ የሚደጋገመው አደጋም አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ጉድጓድ ገብቶ ይወድቃል። ጓደኛው ሊያወጣው ይገባና አብሮት ይቀራል። ደግነታችን ነው የሚገድለን። እንዲህ ያለ ቦይ የሚጠርግ ሰው የጋዝ መለኪያ፣ የመተንፈሻ መሣሪያና በገመድ ይዞት ውጭ የሚቆም ሰው ካልተሰጠው፣ አልገባም ማለት መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው።

የቦይ ነገር ከተነሣ ጥቁሩን ጭቃ ሳላነሣ አላልፍም። አየር የማይደርስበት የቦይ ጭቃ የሚጠቁረው በአብዛኛው በብረት ሰልፋይድ ነው። ከፋብሪካና ከጋራዥ የመጣው መዳብ፣ ዚንክና እርሳስም እዚያው በሰልፋይድ መልክ ታስሮ ይተኛል። እዚያ እስካለ ድረስ እምብዛም አይንቀሳቀስም። እኛ ግን ቦዩን ስንጠርግ ምን እናደርጋለን? ጭቃውን አውጥተን ዳር ላይ እንከምረዋለን። ቦዩ ጸዳ፣ ሥራው አለቀ። በጥቂት ቀን ውስጥ ጥቁሩ ጭቃ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ያ ቀለም መድረቁን ብቻ አይናገርም፤ ሰልፋይዱ በአየር መፈታቱንም ነው። የታሰረው ብረታ ብረት ተለቀቀ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብ አጥቦ መልሶ ይወስደዋል፣ ያውም ወደ ታች በወንዙ ውሃ አትክልት ወደሚያለማው ገበሬ። እኔን ብትጠይቁኝ ቦይ ዳር የተከመረ ጥቁር ጭቃ ቦይ ውስጥ ካለው ይብሳል።

በዚህ ሁለተኛው መንገድ ውስጥ ገባን። ወደ ፓይራይት እንመለስ።

ፓይራይትንም የሚያሸንፈው፣ የመዳብ ሰልፋይድን እንዳሸነፈው ናይትሪክ አሲድ፣ ኤሌክትሮን የሚነጥቅ ነገር ነው። ኦክሲጅን አንዱ ነው። ከኦክሲጅን የበለጠ የሚፈጥነው ግን ብረት ራሱ ነው፤ ሦስት ቻርጅ የተሸከመው፣ ማለትም ሦስት ኤሌክትሮን የጎደለው ዓይነት። 14 ባለሦስት ቻርጅ ብረቶች አንድ ፓይራይት ላይ ሲዘምቱ በውሃ እርዳታ 15 ባለሁለት ቻርጅ ብረት፣ ሁለት ሰልፌትና 16 የአሲድ ሃይድሮጅን ይወጣል። ልብ በሉ፤ አሲድ የጨመረ የለም፤ አሲዱ የወጣው ከድንጋዩና ከውሃው ነው። ሰልፌቱና ሃይድሮጅኑ ሲደመሩ ሰልፈሪክ አሲድ ናቸው። ባትሪ ውስጥ ያለው ያው ራሱ።

ብረቱን ከደሴ ኮምቦልቻ በሚመላለስ ሚኒባስ አስቡት። ማዕድኑ ጋ ኤሌክትሮን ይጭናል፣ ኦክሲጅን ጋ ያራግፋል፣ ባዶውን ይመለሳል፣ እንደገና ይጭናል። ችግሩ አሲድ ውስጥ ማራገፉ እጅግ ቀርፋፋ መሆኑ ነው። ሚኒባሱ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ተገትሮ ይውላል። ወያላው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ወያላው ባክቴሪያ ነው፤ አሲዲቲዮባሲለስ ፌሮኦክሲዳንስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካ ውስጥ ከከሰል ማዕድን በሚወጣ አሲዳማ ውሃ ውስጥ ነው መኖሩ የተገለጸው። ከብረቱ የተራገፈውን ኤሌክትሮን ወደ ኦክሲጅን እያሻገረ፣ ከዚያ በሚያገኘው ጉልበት ይኖራል። ፀሐይ አይፈልግም፣ ስኳር አይፈልግም። ሲንገርና ስተም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት ሥራ ይህ ባክቴሪያ ማራገፉን እስከ ሚሊዮን እጥፍ እንደሚያፋጥነው አሳይቷል።

አሲዱ ታዲያ ምን ሥራ አለው? ባለሦስት ቻርጁ ብረት ፒኤች ከ3.5 አካባቢ በላይ ከሆነ ውሃ ውስጥ አይቆይም። ዝገት ሆኖ ይወርዳል፣ ሚኒባሱ ከመንገድ ይወጣል። ውሃው ሲኮመጥጥ ግን ብረቱ ሟሙቶ እንደልቡ ይመላለሳል። ፓይራይት በተፈታ ቁጥር አሲድ ይጨምራል፣ አሲድ በጨመረ ቁጥር ብረቱ ይበረታል፣ ብረቱ በበረታ ቁጥር ፓይራይት ይፈታል። ክምሩ አንዴ ከዚያች መስመር በታች ከወረደ መመለሱ ከባድ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አይረን ማውንቴን በሚባል አሮጌ ማዕድን ፒኤች ከዜሮ በታች 3.6 ተለክቷል። ስፔን ያለው ሪዮ ቲንቶ ወንዝ ደግሞ ዛሬም ፒኤቹ 2 ግድም ሆኖ እንደ ወይን ጠጅ ቀልቶ ይፈሳል።

ቀለም ግን ያታልላል። ብርቱካናማው ውሃ ያስፈራል፤ ብርቱካናማ የሆነው ግን ብረቱ መዝቀጥ ስለጀመረ፣ ማለትም አሲዱ መለዘብ ስለያዘ ሊሆን ይችላል። በጣም የኮመጠጠና ብረታ ብረት የተሸከመ ውሃ ኩልል ያለ የምንጭ ውሃ ሊመስል ይችላል። ከብቶቹን ሊያጠጣ የመጣ ልጅ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም። የአምስት ደቂቃ የፒኤች ወረቀት ምርመራ ከዓይን ይሻላል።

ይህ ሁሉ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ያው ሥራ ሀብትም ይሠራል። ከወሎ በስተሰሜን ርቆ፣ ኤርትራ ውስጥ፣ ቢሻ የሚባል ማዕድን አለ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ የወጣው ወርቅ ነበር። ከ2013 ጀምሮ መዳብ ሆነ። በ2016 ዚንክ ተከተለ። ቦታው አንድ ነው፤ የተለወጠው ጥልቀቱ ብቻ ነው። እንዴት? ላይኛው ክፍል ለረጅም የሥነ ምድር ዘመን አየርና ዝናብ ሲያገኘው ኖረ። ፓይራይቱ ተፈታ፣ አሲድ ወጣ፣ መዳቡና ዚንኩ ሟሙተው ወደ ታች ሰረጉ። ወርቅ በዚህ አሲድ አይሟሟምና በዝገቱ ውስጥ ቀረ። መዳቡ እየሰረገ አየር ወደማይደርስበት ሲወርድ ያልተነካ ሰልፋይድ አገኘ። እዚህ ላይ ያ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ያልኩት ልዩነት ሥራውን ሠራ። መዳብ ከዚንክና ከብረት ይልቅ ድኝን አጥብቆ ስለሚይዝ እነሱን አስወጥቶ ቦታቸውን ወሰደ። በዚህ ምክንያት መካከለኛው ንብርብር በመዳብ በለጸገ። ከዚያ በታች ያልተነካው ዋናው ሰልፋይድ አለ። ሰው ላብራቶሪ ውስጥ በአንድ ከሰዓት የሚያደርገውን ተፈጥሮ ቀስ ብላ፣ ግን በተራራ መጠን ሠራችው።

የመዳብ ኩባንያዎችም ይህንኑ ይኮርጃሉ። የተፈጨ ድንጋይ ከምረው አሲድ ያንጠባጥቡበታል፣ ባክቴሪያው ይሠራላቸዋል። መዳብ፣ ብረትና ድኝ በተጣመሩበት ካልኮፓይራይት ላይ ግን ይቸገራሉ። የዓለም መዳብ አብዛኛው ያለው በዚህ ማዕድን ውስጥ ነው፤ እሱ ግን መሟሟት ይጀምርና ላዩ ላይ ቀጭን ሽፋን ሠርቶ ያቆማል። ስለዚህ አሁንም በአብዛኛው በእሳት ይቀለጣል። ለዚንክ የተገኘው መላ ይሻላል። ካናዳ ትሬይል ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ማዕድኑን ከአሲድና ከኦክሲጅን ጋር በታፈነ ጋን ውስጥ በ150 ዲግሪ ግድም ያሞቁታል። ኦክሲጅኑ ስላለ ድኙ መርዛም ጋዝ ሆኖ አያመልጥም፤ ጠጣር ድኝ ሆኖ ይለቀማል። ሁለቱ መንገዶች አንድ ጋን ውስጥ ሲገናኙ መሆኑ ነው።

ወደ ከሰሉ እንመለስ። የወሎ መሬት በመጠኑ መከላከያ አለው። ደጋው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ባዛልት ነው። ባዛልት አሲድን ቀስ እያለ ይገድላል፤ በስንጥቆቹ ውስጥ ነጭ ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ካለ ደግሞ ቶሎ ይገድላል። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ከሰል ውስጥ ያለው ፓይራይት ብዙ ጊዜ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነው፤ ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ ይፈታል። ባዛልቱ ሊደርስበት አይችልም። ሲፈታ ሙቀትም ይሰጣል። በየአገሩ የከሰል ክምር ሳይለኮስ የሚነድባቸው ጊዜያት አሉ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ሙቀት ነው።

አሁን ሁሉም የሚያወራው ስለ ከሰል ማጠቢያ ነው። ማጠብ ጥሩ ነው። ፓይራይት ከከሰል ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳልና ከፊሉ ተለይቶ ይወጣል፤ ፋብሪካውም የተሻለ ከሰል ያገኛል። የወጣው ፓይራይት ግን የት ሄደ? ተረፈ ምርቱ ክምር ውስጥ ነው ያለው፣ ያውም ተሰብስቦና ደቅቆ። ከሰሉ በሲኖትራክ ተጭኖ ይሄዳል፤ ክምሩ ከቀበሌው ጋር ይቀራል። ፈቃድ የሚሰጠው አካል መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስለዚህ ክምር ነው ባይ ነኝ።

የወሎ ዝናብ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በልግና ክረምት አሉት፣ በመካከል ደረቅ ጊዜ። በደረቁ ወራት የክምሩ ውስጥ እርጥበት ወደ ላይ እየተሳበ ይደርቅና ላዩ ላይ ነጭና ቢጫ ጨው ይሠራል። ጨው ይምሰል እንጂ የተኛ አሲድና ብረታ ብረት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ በአንድ ቀን ይሟሟና ይወርዳል። ስለዚህ በነሐሴ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ናሙና ወስዶ "ውሃው ደህና ነው" ማለት ራስን ማታለል ነው። መለካት ያለበት በበልግ የመጀመሪያ ጠብታና በሰኔ መባቻ ነው።

መፍትሔው ከባድ ሳይንስ አይደለም፤ አየሩን መከልከል ነው። ክምሩን ጠቅጥቆ መድፈን፣ ወይም ከውሃ በታች ማኖር። ዋልካ አፈር ሞልቶልናል የሚል ይኖራል። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ጥሩ ክዳን ነው፣ በበጋ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ላዩ ላይ ሌላ አፈርና ሣር ካልተደረበበት አየሩን ጋብዞ ማስገባት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሒሳቡ መሠራት አለበት፣ ያውም ጠቅላላ ድኝን ብቻ በመለካት አይደለም። ከሰል ውስጥ ከተክሉ የመጣ ድኝ አለ፤ እሱ እንደ ፓይራይቱ አሲድ አያመርትም። የፓይራይቱ ድርሻ ለብቻው ይለካ። ከክብደቱ አንድ በመቶ በፓይራይት መልክ ድኝ የሆነ አንድ ቶን ድንጋይ የሚያወጣውን አሲድ ለመግደል 31.25 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ይፈልጋል። ሁለት በመቶ ከሆነ 62.5 ኪሎ። ሠላሳ ቶን ተረፈ ምርት የጫነ ሲኖትራክ በሄደ ቁጥር ወደ 19 ኩንታል የኖራ ድንጋይ አብሮ መሄድ አለበት ማለት ነው፤ ያውም ተፈጭቶ። ድፍኑ ድንጋይ የብረት ዝገት ይለብስና በጥቂት ወራት ሥራ ያቆማል። የኖራ ድንጋይ በአባይ ሸለቆ በኩል አለ፤ የማጓጓዣው ወጪ ግን በከሰሉ ዋጋ ውስጥ ከአሁኑ መግባት አለበት።